የፊታውራሪው ግንብ ደፍ

መጋቢት 14፣ ሰኞ

ሙቀቱ ያው ነው። ከደብረ ማርቆስ የመጣ ሰው በመጋቢት ሸዋ ሮቢት ላይ ምን ይሁን ተብሎ ነው? ከቀትር በኋላ ቢሮ ተብሎ የተሰጠኝ ኮንቴይነር ውስጥ መቀመጥ ስላልቻልኩ ወረቀቶቼን ይዤ ከግንቡ በር ጥላ ሥር ስሠራ ዋልኩ።

አለቃዬ አቶ ሄኖክ ከአዲስ አበባ ደወለ። የፊታውራሪ ደምሳሽ ግንብ ግንቦት 1 ቀን ለጎብኚ ይከፈታል፤ ቁርጥ ነው። «የይፋት ጎንደር እናደርገዋለን» አለኝ። ጎንደርን አይቶት የሚያውቅ አይመስለኝም። የእኛ ግንብ ማለት አንድ ባለ ፎቅ እልፍኝ፣ ጣሪያው የወደቀ አዳራሽ፣ ግማሹ የፈረሰ የድንጋይ አጥር፣ እና አንድ በር ነው። በሩ ግን በር ነው። የሠራውን ሰው ባገኘው እጁን እጨብጠው ነበር።

የቀረኝ የአዳራሹ ጣሪያ፣ የእልፍኙ ኖራና የበሩ ደፍ ነው። ደፉ ከፍ ያለ ጥቁር ድንጋይ ስለሆነ በዊልቸር የሚመጣ ሰው አያልፍበትም። እናነሣውና በምትኩ ተዳፋት መግቢያ እንሠራለን። ቀላል ሥራ ነው።

ምሳ ሰዓት ላይ ግንበኛው ቢላልና የጥበቃው ኃላፊ ጌታሰው እንደ ወትሮው ከሾላው ሥር ከአንድ ሳህን በሉ። አንዱ ሙስሊም፣ አንዱ ክርስቲያን ነው፤ ሽሮ ስለሆነ ሃይማኖት አያጣላቸውም፣ የሚያጣላቸው ሚጥሚጣው ነው። ቢላል በዛ ይላል፣ ጌታሰው አነሰ ይላል። እኔን እንደ ወጉ «ኢንጂነር፣ እንብላ» ይሉኛል። እኔም እንደ ወጉ «ብሉ፣ በልቻለሁ» እላለሁ።

መጋቢት 16፣ ረቡዕ

ደፉን እንዲያነሡት ነገርኳቸው። ቢላል መዶሻውን በእጁ ሲያገላብጥ ቆየና «ይቺ ደፍ ብትቀር አይሻልም?» አለ።

«ለምን?»

«ከባድ ናት።»

ቢላል ነው እንዲህ የሚለኝ! ባለፈው ሳምንት የሷን እጥፍ የሚያህል ድንጋይ ብቻውን ሲያንከባልል ያየሁት ሰው። ወደ ጌታሰው ዞርኩ። እሱ ደግሞ «በምሥራቅ በኩል አጥሩ የፈረሰበት ቦታ አለ አይደል፣ ድሮ ከብት የሚገባበት፤ እንግዶቹ በዚያ ቢገቡስ?» አለኝ። እንግዳ በከብት በር! ሳቅሁ። እነሱ አልሳቁም።

መጋቢት 18፣ ዓርብ

የቢላል ዶማ እጀታው ተሰበረ። ሌላ ሰጠሁት። ወገቡን አመመው። ጌታሰው ጭራሽ አልመጣም፤ እሱንም አሞታል። ሁለቱንም በአንድ ቀን። ስንፍና ነው። ሕፃን ልጅ መሰልኳቸው እንዴ?

መጋቢት 21፣ ሰኞ

ዛሬ ሼህ ኡበይድ መጡ። የዚህ አካባቢ አበጋር ናቸው፤ ሰው ሲጣላ የሚያስታርቁ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም የሚሰማቸው ሽማግሌ። በጠዋት ደፉ ላይ ተቀመጡ፤ ለሶላት ካልሆነ በቀር እስከ ማታ አልተነሡም። ሠራተኛው ሁሉ በሳቸው ላይ ላለመራመድ ዞሮ ሲሄድ ዋለ።

«ሼህ፣ ምን ልታዘዝ?» አልኳቸው።

«ምንም። እያረፍኩ ነው።» ቆይተው ደግሞ «ልጄ፣ ይህን ቤት ስታድሺ አላህ ያግዝሽ። ይቺን ድንጋይ ግን ተያት» አሉ።

«ምክንያቱን ይንገሩኝና እተዋታለሁ።»

በዘንጋቸው መሬቱን ቆርቆር ቆርቆር አደረጉ። «ምክንያት የለውም» አሉኝ።

ምክንያት የሌለው ነገር ሪፖርት ላይ አይጻፍም። ለዘመድ ሥራ ፈልገው ይሆናል፤ ወይም አድባር ምናምን ይሆናል። እኔ ምን አገባኝ። የጊዜ ሰሌዳ አለኝ።

መጋቢት 24፣ ሐሙስ

ከመናኸሪያው የቀን ሠራተኞች አመጣሁ። ከላይ ከደጋ የመጡ ናቸው፣ የማንንም ወገብ አያማቸውም። ደፉ ተነሣ። ከሥሩ ዕቃ ተገኘ!! ማታ እጽፋለሁ።

ማታ

በቆዳ የተጠቀለለ ጊሌ ነው፤ የቆላ ሰው ወገቡ ላይ የሚታጠቀው ያ ቆልመም ያለ ጩቤ። እጀታው ቀንድ ነው። የሚገርመው ከአፎቱ እንዳይወጣ አፉ ዙሪያውን በጠፍር መሰፋቱ ነው። እንዲህ ያለ አሰፋፍ አይቼም ሰምቼም አላውቅም። ፎቶ ለማንሣት ስፌቱን በምላጭ ፈታሁት። ስለቱ ጫፉ ላይ ጠቁሯል፤ ዝገት ይመስለኛል።

ዕቃው ሲወጣ ጌታሰው ራቅ ብሎ ቆሞ ነበር። ባርኔጣውን አወለቀ። ቢላል ከመሰላሉ ወረደ፣ እጁን ታጠበ፣ መሣሪያውን ሰበሰበና ሄደ። ገና ዘጠኝ ሰዓት እንኳ አልሞላም ነበር። «እንኳን ደስ አላችሁ እንጂ!» አልኩ ጮክ ብዬ። ደስታ የሚገባቸው ቀስ ብሎ ነው መሰል።

ከመነሣቱ በፊት ጠይቄአቸዋለሁ። ደጋግሜ ጠይቄአለሁ። መልስ ያልሰጡኝ እነሱ ናቸው።

መጋቢት 28፣ ሰኞ

አቶ ሄኖክ በደስታ ሊያብድ ነው። ፎቶውን ስልክ ለስልክ አዳርሶ ጨርሷል፤ የመክፈቻው ፖስተር ላይ ይወጣል። ለጊሌው የመስታወት ሳጥን አሠራን። ጽሑፉን እኔ «ከፊታውራሪው ዘመን ሳይሆን አይቀርም» ብዬ ላክሁ። «የፊታውራሪ ደምሳሽ የግል ጊሌ» ተብሎ ተመለሰ። የግል የምትለዋ ከየት እንደመጣች እግዜር ይወቅ።

ቢላል አልመጣም። አሞታል።

አንድ ነገር አስተዋልኩ። ገበያ የሚሄዱት ሴቶች በበሩ ፊት ማለፍ ትተዋል። ሸክማቸውን ተሸክመው በታችኛው ገደላ ገደል መንገድ ይዞራሉ። አቧራው አስቸግሯቸው ይሆናል።

ሚያዝያ 6፣ ማክሰኞ

ፋሲካን ብቻዬን ዋልኩ። ደብረ ማርቆስ እንዳልሄድ መንገዱ አላስተማመነም።

ቢላል ተመልሷል፤ ግን አዳራሹ ጫፍ ላይ ነው የሚሠራው፣ ምሳውንም መሰላል ላይ ሆኖ ይበላል። ጌታሰው በሩ ጋ ብቻውን ይበላል። ከሾላው ሥር ማንም የለም። ፋሲካ ስለሆነ ነው ብዬ ነበር፤ ጌታሰው ሥጋ ይዞ ስለሚመጣ አብረው አይበሉም።

ይህንኑ ለአከራዬ ለእትዬ ፈለቀች ብነግራቸው ከት ብለው ሳቁብኝ። «ጌታሰው? ኧረ ወዲያ! ጌታሰው እኮ ለቢላል ብሎ በሃምሳውም ሽሮ ነው የሚይዘው። ሰው ሁሉ ሥጋ ሲበላ! ሚስቱ በዚሁ ስታማርር ነው የምትኖረው» አሉኝና ሳቃቸው ድንገት ጠፋ። ወሬ ቀየሩ።

ሚያዝያ 8፣ ሐሙስ

የጌታሰውና የቢላል የሽንኩርት ማሳ ጎን ለጎን ነው። ከሮቢ ወንዝ በተጠለፈው ቦይ ተራ ገብተው ያጠጣሉ። ሁለቱም ተራቸውን ትተዋል፤ አንዱም ወደ ቦዩ አይወርድም። ሽንኩርቱ ኮረት በሚይዝበት ጊዜ እየደረቀ ነው። ይህን የሰማሁት ከባጃጅ ሹፌር ነው። ጌታሰው ትልቁን ልጁን ከትምህርት ቤት አስወጥቶ ደብረ ሲና አክስቱ ዘንድ ልኮታል። የቢላል የአጎት ልጅ ኢብራሂም የሚባል ደግሞ ከሚሌ መጥቷል። ሻይ ቤት ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ሲቀመጥ አይቼዋለሁ።

ቢላልን ጠየቅኩት። «ተጣላችሁ?»

«ከማን ጋር?»

«ከጌታሰው ጋር ነዋ!»

«እኔና ጌታሰው ምን ያጣላናል?» አለኝ። ኖራ እያቦካ ነበር፤ ቀና አላለም።

ሚያዝያ 9፣ ዓርብ

መጻፍ አልፈልግም፤ ግን ካልጻፍኩት አይለቀኝም።

ከእራት በኋላ እትዬ ፈለቀች በሩን ዘግተው አጠገቤ ተቀመጡ። «አንድ ነገር ላጫውትሽ። እዚህ አይደለም። ሌላ አገር ነው፣ እሺ?» አሉ።

በዚያ «ሌላ አገር» ሁለት ጎረቤታሞች በውኃ ተራ ተጣሉ። አንዱ አንዱን በጊሌ ገደለው። የሟች ሚስት እርጉዝ ነበረች። የገዳይም ልጅ ገና ዳዴ ይላል። የሟች ወንድሞች ሊበቀሉ ሲነሡ ሽማግሎች ገብተው ደሙን አደረቁት፤ ማለትም አስታረቁ። ጊሌው እንዳይመዘዝ ከነአፎቱ ተሰፋና የሁለቱም ወገን ካልሆነ፣ ሰው ከማይኖርበት ግቢ በር ሥር ተቀበረ። ሁለቱም ወገን እዚያው ማለ። ደሙን በአፉ የጠራ ደሙን እንደገና አነሣ ማለት ነው።

«ለዚህ ነው እንግዲህ ሰው የማይናገረው» አሉ እትዬ ፈለቀች፤ «በዚያ አገር።»

«ልጆቹስ?»

«ልጆቹማ አደጉ። የሚበሉት ከአንድ ሳህን ነው።» የእራቱን ሳህን አነሡና «ነበር» አሉ።

«ጊሌው ቢወጣስ እትዬ? ስፌቱ ቢፈታስ?»

«እሱን አልሰማሁም። እዚያ አገር እንዲህ ያለ ሞኝ አልነበረም መሰለኝ።»

ሁሉም ነግረውኛል እኮ። ከባድ ናት፣ ወገቤን አመመኝ፣ በከብት በር ይግቡ፣ ምክንያት የለውም። ሰው ያለ ቃል ከዚህ በላይ እንዴት ይናገራል? እኔ ደግሞ ቁጭ ብዬ ስንፍና ነው ብዬ ጻፍኩ፤ እዚሁ ደብተር ላይ አለ። አፈርኩ። ፈራሁም።

ሚያዝያ 12፣ ሰኞ

አቶ ሄኖክን ጊሌውን ከኤግዚቢሽኑ እናውጣው፣ ደፉንም እንመልሰው አልኩት። ዝርዝሩን አልነገርኩትም፤ ለካ እኔም መናገር አልችልም።

«ኢንጂነር ሆነሽ በጊሌ ታምኛለሽ?» አለኝ።

በጊሌ አላምንም። የኢብራሂምን ጠመንጃ ግን በዓይኔ አይቼዋለሁ። ስልኩን ዘጋው።

ሚያዝያ 14፣ ረቡዕ

ሼህ ኡበይድ ቤት ሄድኩ። ግቢያቸው ውስጥ ማሾ ሲያበጥሩ አገኘኋቸው።

«ምክንያት የለውም ብዬሽ ነበር» አሉ።

«አሁን ምክንያቱን ልጠይቅ አልመጣሁም።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው በደንብ አዩኝ፤ ወንበርም አስመጡልኝ። ያወጣው ሰው ይመልሰው፤ ሲመልሰው ግን በልመና ነው አሉ። ማጅራቴ ላይ ድንጋይ ተሸክሜ የቢላል እናት እማማ አሚራ ፊት እቆማለሁ። ለምን እንደ ቆምኩ አልናገርም። ማሩኝ ከማለት በቀር አንድ ቃል አይወጣኝም። እማማ ድንጋዩን በእጃቸው ካወረዱልኝ ሆነ፤ ካላወረዱልኝ ግን ሼሁም ከዚያ ወዲያ የሚያውቁት ነገር የለም።

ድንጋይ የሚሸከም ነፍስ ያጠፋ ሰው ነው። እኔ የማንን ነፍስ አጠፋሁ? ላስብበት ብያቸው መጣሁ።

ሚያዝያ 16፣ ዓርብ

ትናንት ሌሊት በቦዩ በኩል ተኩስ ተሰማ። ጠዋት ጅብ ነው አሉ።

ጌታሰው አርፍዶ መጣ። ጆሮው በጨርቅ ታስሯል። «እሾህ ጫረኝ» አለኝ። ጨርቁ ላይ ያለው ደም የእሾህ አይደለም። ቢላል ከአዳራሹ ጫፍ ሲያየው ነበር፤ የያዘው ጡብ ከእጁ ወደቀ።

ሼህ ኡበይድ ዘንድ ሰው ላክሁ። ነገ ይሁን አልኩ።

ሚያዝያ 17፣ ቅዳሜ

የሆነውን እንደሆነው ልጻፍ።

ሰው በሩ ፊት በሁለት ወገን ተቀመጠ። መሐሉ ባዶ ነው። ድንጋዩን ራሴ ከፍርስራሹ መረጥኩ። ትንሽ ልምረጥ ብዬ ነበር፤ ቢላል እያየኝ ስለነበረ ተውኩት። ማጅራቴ ላይ አስቀመጥኩት።

እማማ አሚራ በምርኩዝ መጡ። አጭር፣ ከሲታ፣ ዓይናቸው በደንብ የማያይ ሴት ናቸው። ፊቴን ጠጋ ብለው አዩ።

«ይህቺ ደግሞ የማን ልጅ ናት?» አሉ።

«እንግዳችን ናት» አሉ ሼህ ኡበይድ።

«እንግዳ ከሆነች ድንጋይ ምን አሸከማት?»

እሳቸው መልሱን ከሁላችንም በላይ ያውቁታል። «ማሩኝ» አልኩ። ድምፄ ያስጠላ ነበር። «ማሩኝ እናቴ።» ፀሐዩ አናቴን ይመታል። ኢብራሂም ከኋላቸው ጠመንጃውን እንደያዘ ቆሟል። በጣም ቆየን። እንደማያወርዱልኝ እርግጠኛ ሆኜ ነበር።

ከዚያ ምርኩዛቸውን ለኢብራሂም «ያዝ» ብለው ሰጡት። ምርኩዙን ለመያዝ ጠመንጃውን ማውረድ ነበረበት። በሁለት እጃቸው ድንጋዩን አቅፈው ከማጅራቴ አወረዱት፤ ስለከበዳቸው አብረን ተንበረከክን። «ልጆቼ ይኑሩበት» አሉ። የማንን ልጆች ማለታቸው እንደሆነ አልለዩም። ላብ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ብዙ አላየሁም።

ጊሌውን ከመስታወት ሳጥኑ አውጥቼ አመጣሁ፤ አፎቱን ሁለቱ ናቸው የሰፉት። ጌታሰው ያዘ፣ ቢላል ጠፍሩን ሳበ። ሲቀበር እኔ ፊቴን እንዳዞር ተነገረኝ። ደፉን በቦታው ለመመለስ ሁለቱ ጎንበስ አሉ።

«ከባድ ናት» አለ ጌታሰው።

«ነግሬአለሁ እኮ» አለ ቢላል። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ እስኪያመኝ።

ግንቦት 1፣ ቅዳሜ

ተከፈተ። ብዙ ሰው መጣ። ተዳፋቱን በምሥራቅ በኩል፣ በከብቱ በር ሠርተነዋል፤ ቢላል ሌት ተቀን ደክሞ አደረሰው። ከደብረ ሲና የመጡ መምህርት በዊልቸር ያለ ማንም እገዛ ገቡ። ወጥተው ደግሞ ተመልሰው ገቡ፣ ደስ ብሏቸው።

አቶ ሄኖክ ባዶው የመስታወት ሳጥን ፊት ቆሞ አገኘሁት። ፖስተሩ በእጁ ነው።

«የት አለ?»

«የለም።»

«የለም ማለት? ጠፋ? ተሰረቀ?»

«የለም» አልኩት።

ወደ በሩ ጎተተኝ። «ደፉስ? አንሥተሽው ነበር፤ ማን መለሰው? ለምን?»

«ከባድ ናት» አልኩ።

አየኝ። ያቺን አስተያየት አውቃታለሁ፤ በመጋቢት እኔ ራሴ ሰው ስመለከትባት ነበር። «ቅርስ በማጥፋት እንደምትጠየቂ ታውቂያለሽ? ሰኞ ምክንያትሽን በጽሑፍ አቅርቢ» አለ።

«ምክንያት የለውም።»

ጌታሰው ከበሩ አጠገብ ቆሞ ሁሉንም ሰምቷል። ባርኔጣውን አስተካከለና ወደ ሌላ ጎን ዞረ።

ግንቦት 3፣ ሰኞ

ምንም አልጻፍኩም፣ ምንም አልላክሁም። ከዚህ ሥራ መነሣቴ አይቀርም፤ ክስም ሊኖር ይችላል። ለእትዬ ፈለቀች የምሄድ ይመስለኛል ስላቸው «ወዴት? ማን ለቀቀሽ?» ብለው ተቆጡ።

ኢብራሂም ወደ ሚሌ ተመልሷል። የጌታሰው ልጅ ከደብረ ሲና መጥቶ ዛሬ ትምህርት ቤት ገባ። ትናንት ውኃው የቢላል ተራ ነበር፤ አጠጥቶ ሲጨርስ ቦዩን ወደ ጌታሰው ማሳ ለቀቀው። ከሽንኩርቱ ግማሹ ይተርፋል አሉ።

ምሳ ሰዓት ላይ ከኮንቴይነሩ ስወጣ ከሾላው ሥር ሳህኑ ተዘርግቷል። ሃምሳው አላለቀም፤ ጌታሰው የያዘው ግን ሽሮ ነው። የሚጥሚጣው ክርክር ተጀምሯል። እንደ ወጉ «ኢንጂነር፣ እንብላ» እስኪሉኝ ጠበቅኩ። «በልቻለሁ» የሚለው ምላሴ ላይ ነበር።

ቢላል ግን «ጸደንያ!» ብሎ ጠራኝ። በዚህ ሁሉ ወራት አንድም ቀን በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። «ነይ እንጂ፣ ምን ያቆምሻል? ሽሮው ሊቀዘቅዝ ነው።»

ጌታሰው ፈቀቅ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ።

እጄን ታጥቤ ተቀመጥኩ።